ባለቤቴ ከእኔ ቀድሞ መመለስ አለበት ወይ?

የጠያቂያችን ደብዳቤ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«ባለቤቴ የካናዳ ዜጋ ነው። ሁለታችንም ለሥራ በመጣንበት ሦስተኛ አገር ተዋውቀን ከተጋባን አምስት ዓመት አልፎናል፤ ዛሬም የምንኖረው እዚሁ ነው። የሦስት ዓመት ሴት ልጅ አለችን። ከዚህ በፊት ከነበረኝ ትዳር የወለድኩት የ14 ዓመት ልጅም አለኝ፤ እሱ ከአባቱ ጋር በትውልድ አገሬ ይኖራል። አሁን ጠቅልለን ካናዳ ለመግባት ወስነናል። የምንሰማው ምክር ግን እርስ በርሱ ይጋጫል። አንዳንዶች ‹ባልሽ ቀድሞ ሄዶ ሥራ ይዞና ቤት ተከራይቶ ካልተቀመጠ ስፖንሰር ሊያደርግሽ አይችልም› ይሉኛል። ሌሎች ደግሞ ‹በጎብኚ ቪዛ ግቢና እዚያው አመልክቺ› ይላሉ። ከተጋባን ጀምሮ ተለያይተን ስለማናውቅ እንደ ሌሎች ጥንዶች የተጻጻፍነው መልእክትም ሆነ የተላላክነው ገንዘብ የለንም፤ ትዳራችን እውነተኛ መሆኑን በምን እናሳያለን? ስለ ልጄም ‹አሁን አብሮሽ ስለማይሄድ ስሙን አታንሺ፣ ጉዳዩ ይጓተትብሻል፤ በኋላ ታመጪዋለሽ› ብለውኛል። ምን ይመክሩኛል?»

ውድ ጠያቂያችን፣

እርስዎን ይበልጥ ያስጨነቀዎት ባለቤትዎ ቀድመው ይሂዱ አይሂዱ የሚለው ጥያቄ መሆኑ ከደብዳቤዎ ያስታውቃል፤ እኔን ግን ያስደነገጠኝ በመጨረሻ ላይ ስለ ልጅዎ የጻፉት መስመር ነው። ወደ እሱ እመለስበታለሁ። እስከዚያው ድረስ የቤተሰብ አባላት ዝርዝር የሚጠየቅበትን ፎርም እንደተመከሩት ሞልተው እንዳይልኩ አደራ እላለሁ።

ባለቤትዎ ዜጋ ስለሆኑ እርስዎን ስፖንሰር ለማድረግ ቀድመው ወደ ካናዳ መመለስ አይጠበቅባቸውም። የአገሪቱ የኢሚግሬሽንና የስደተኞች ጥበቃ ደንብ በአንቀጽ 130 ከካናዳ ውጭ የሚኖር ዜጋ የትዳር ጓደኛውን ስፖንሰር ማድረግ እንደሚችል ይደነግጋል፤ ለዚህም ያስቀመጠው ሁኔታ፣ ስፖንሰር የተደረገው ሰው ቋሚ ነዋሪ በሚሆንበት ጊዜ ስፖንሰር አድራጊው ካናዳ ውስጥ የሚኖር መሆን አለበት የሚል ነው። «በሚሆንበት ጊዜ» የምትለውን ሐረግ ደግመው ያንብቧት፤ የእርስዎ ጉዳይ በሙሉ የተንጠለጠለው በእሷ ላይ ነው። ደንቡ ባለቤትዎ ዛሬ የት እንደሚያድሩ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው እርስዎ ካናዳ ገብተው ቋሚ ነዋሪ በሚሆኑበት ቀን እሳቸው የት እንደሚኖሩ ነው። ስለዚህ ማመልከቻው በሂደት ላይ ሳለ አሁን ባላችሁበት ቤት አብራችሁ መቆየት፣ ቪዛው ሲወጣም ልጃችሁን ይዛችሁ በአንድ አውሮፕላን መግባት ትችላላችሁ።

የሰማችሁት ምክር ግን ከመሬት የተነሣ አይደለም። ባለቤትዎ ዜግነት ያላገኙ ቋሚ ነዋሪ ቢሆኑ ኖሮ ምክሩ ትክክል ይሆን ነበር፤ ቋሚ ነዋሪ ስፖንሰር ማድረግ የሚችለው ካናዳ ውስጥ እየኖረ ብቻ ነውና። ምናልባትም መካሪዎቻችሁ የሚያውቁት የአንድ ፒ አር (የቋሚ ነዋሪነት ፈቃድ) የያዘ ሰው ታሪክ ሊሆን ይችላል። የአንዱ ፋይል ታሪክ ለሌላው መመሪያ ሆኖ ሲነገር በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል፤ ሰው የሚያወራው እውነት ይሆንና ለሰሚው ግን አይሠራም።

ሕጉ የሰጣችሁ ዕድል ግን ማስረጃ ይፈልጋል፤ ከውጭ አገር ሆነው የሚያመለክቱ ጥንዶች ብዙውን ጊዜ የሚሰናከሉትም እዚህ ላይ ይመስለኛል። አብራችሁ ስለምትኖሩ ጋብቻውን ማሳየቱ ያን ያህል አያስቸግራችሁም፤ የፋይላችሁ መርማሪ ጎላ አድርጎ የሚያነሣው ጥያቄ፣ እነዚህ ሰዎች አምስት ዓመት ተደላድለው የኖሩበትን አገር በእርግጥ ይለቃሉ ወይስ ወረቀቱን ይዘው እዚያው ሊቀሩ ነው የሚል ነው። «ለመመለስ ወስነናል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይህን ጥያቄ አይመልስም። ባለቤትዎ በራሳቸው ቃል አንድ ወይም ሁለት ገጽ ደብዳቤ ይጻፉ፤ የት ከተማ እንደምትገቡ፣ መጀመሪያ የት እንደምታርፉ፣ እስኪደላደሉ በምን እንደምትተዳደሩ፣ አሁን የያዙትን ሥራና ቤት በምን ቅደም ተከተል እንደምትለቁ ያስረዱበት። ከዚያ በኋላ ደብዳቤውን መልሰው እያነበቡ ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ጎን የሚደግፈውን ወረቀት ያስቀምጡ።

ምን ማለቴ እንደሆነ በምሳሌ ላሳይ። ደብዳቤው «ለጊዜው እህቴ ቤት እናርፋለን» የሚል ከሆነ፣ እህትየዋ የቤቷን የባለቤትነት ወይም የኪራይ ሰነድ ቅጂ አያይዛ፣ የትኛውን ክፍል እንደምትለቅላችሁና ለስንት ወር እንደሆነ ጽፋ ትፈርምበት። «ሥራ እየፈለግኩ ነው» ካለ፣ ማመልከቻዎቹና የተሰጡት መልሶች ይያያዙ፤ «አዝናለሁ፣ ቦታው ተይዟል» የሚል መልስ እንኳ ከምንም ይሻላል፣ ሰውየው በእርግጥ እያንኳኳ መሆኑን ያሳያልና። የሙያ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ከሆነ ፈቃዱን ለማውጣት ወይም ለማደስ የተጻጻፉትን ያስገቡ። «ዕቃችንን እናስጭናለን» ካለ ከአንድ የጭነት ድርጅት ፕሮፎርማ ይጠይቁ፤ የሳጥኑ ብዛት፣ የመነሻና የመድረሻ ከተማው ስም የተጻፈበት አንድ ገጽ ፕሮፎርማ ከሦስት ገጽ መሐላ ይልቅ ያሳምናል። ካናዳ ውስጥ ያለ የባንክ ሒሳብ፣ በቅርቡ የተላከ ቁጠባ፣ ለልጃችሁ የሕፃናት ማቆያ ወይም ትምህርት ቤት ለማስመዝገብ የተደረገ መጻጻፍ ሁሉ ይጠቅማል። እኔ ግን ከሁሉ በላይ ዋጋ የምሰጠው ካላችሁበት አገር ጋር ያላችሁ ማሰሪያ እየላላ መሄዱን ለሚያሳይ ወረቀት ነው፤ ለምሳሌ የቤት ኪራይ ውላችሁን ለዓመት ከማደስ ይልቅ በየጥቂት ወሩ እንዲታደስ ማድረጋችሁን፣ ወይም የባለቤትዎ የሥራ ውል የሚያበቃበትን ቀን የሚገልጽ የአሠሪ ደብዳቤ።

«ታዲያ ሥራውን ከአሁኑ ይልቀቅ?» ብለው እንደሚጠይቁኝ እገምታለሁ። አይልቀቁ። ቪዛው የሚወጣበትን ቀን አስቀድሞ የሚነግራችሁ ሰው የለም፤ የካናዳ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ካናዳ ውስጥም ሆነ ውጭ ያሉ ፋይሎች የሚወስዱትን የጊዜ ግምት በድረ ገጹ እያደሰ ያወጣል፣ ይሁን እንጂ ግምት ግምት ነው። በዚህ መካከል ያለ ደመወዝ መቀመጥ፣ የመኖሪያ ፈቃዳችሁም ከሥራው ጋር የተያያዘ ከሆነ ባላችሁበት አገር ያለ ፈቃድ መቅረት፣ ለማመልከቻው የሚጨምረው ነገር የለም። ልትከታተሉት የሚገባው ቀን ሌላ ነው። የሕክምና ምርመራው ውጤት የሚያገለግለው ለ12 ወር ነው፤ የቋሚ ነዋሪነት ማረጋገጫው ሲወጣ የሚጻፍበት የመጨረሻ ቀንም ብዙውን ጊዜ ከዚህ ምርመራ ወይም ከፓስፖርትዎ ማብቂያ ጋር የተያያዘ ነው። ከዚያ ቀን በፊት ካናዳ መግባት አለባችሁ። ስለዚህ ባለቤትዎ ለአሠሪያቸው የሚሰጡትን የመልቀቂያ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ከአሁኑ ከውላቸው ላይ ያንብቡ፤ የሦስት ወር ማስጠንቀቂያ የሚጠይቅ ውል ያለው ሰውና የአንድ ወር ብቻ የሚጠይቅ ውል ያለው ሰው እኩል አይዘጋጁም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። ቋሚ ነዋሪ የሆነ ሰው በአምስት ዓመት ውስጥ 730 ቀን ካናዳ መቆየት እንዳለበት፣ ከካናዳ ዜጋ የትዳር ጓደኛው ጋር ውጭ አገር አብሮ የኖረበት ቀንም እንደሚቆጠርለት ሰምተው ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን ይህ ከገቡ በኋላ ለሚመጣ ጉዳይ የተቀመጠ ነው፤ «ገብተን እንመለሳለን» የሚል ሐሳብ በማመልከቻው ላይ ከታየ ከላይ የጠቀስኩትን የአንቀጽ 130 ሁኔታ በገዛ እጃችሁ አፈረሳችሁት ማለት ነው።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልጽፍም፤ ካናዳ የትዳር ጓደኛን ስፖንሰር ለማድረግ በጠቅላላው የተወሰነ ዝቅተኛ የገቢ መጠን አትጠይቅም። ባለቤትዎ ግን እርስዎ ቋሚ ነዋሪ ከሆኑበት ቀን ጀምሮ ለ3 ዓመት የእርስዎን መሠረታዊ ፍላጎት ለማሟላት ግዴታ ይፈርማሉ፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ የመንግሥት ማኅበራዊ ድጎማ ብትወስዱ ከፋዩ እሳቸው ናቸው፣ ግዴታውም በፍቺ አይቋረጥም። በአካል ጉዳት ምክንያት ካልሆነ በቀር ድጎማ የሚወስድ ሰው፣ ወይም ኪሳራው ገና ያልተዘጋለት ሰው ስፖንሰር መሆን አይችልም። ውጭ የሚኖሩ ስፖንሰሮች የካናዳ የግብር ማስታወቂያ (ገቢን ካሳወቁ በኋላ የግብር መሥሪያ ቤቱ የሚልከውን ወረቀት) አለማግኘታቸው ያስጨንቃቸዋል፤ ማስታወቂያው ከሌለ የሌለበትን ምክንያት በአጭር ደብዳቤ ገልጾ የአሁኑን የአሠሪ ደብዳቤና የደመወዝ መግለጫ ማያያዝ ነው። ለመግባት ያሰባችሁት ኩቤክ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ በሌላ መንገድ ይሄዳል፤ ግዴታው የሚፈረመው ለግዛቲቱ መንግሥት ሲሆን፣ ግዛቲቱ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 26 ቀን 2024 እስከ ሰኔ 25 ቀን 2026 ለምትቀበላቸው የትዳር ጓደኛና የአዋቂ ልጅ ማመልከቻዎች የ10,400 ጣሪያ አስቀምጣ ነበር። ከተማ ስትመርጡ ይህንንም አስቡበት።

አሁን ወደ ትዳራችሁ ማስረጃ ልምጣ። የተጻጻፋችሁት መልእክት ስለሌለ መጨነቅዎ ገርሞኛል፤ ተራርቀው የሚኖሩ ጥንዶች የስልክ መልእክት የሚያትሙት እናንተ ያላችሁ ነገር ስለሌላቸው ነው። መርማሪው በሕጉ ሁለት ነገር ይመዝናል፤ ጋብቻው እውነተኛ ነው ወይ፣ ዋና ዓላማውስ የኢሚግሬሽን ጥቅም ማግኘት ነበር ወይ። ከሁለቱ በአንዱ ብቻ መውደቅ ማመልከቻውን ይጥለዋል። አምስት ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ለኖረና ልጅ ላፈራ ጥንድ የሚመሰክሩት ደግሞ ማንም ትኩረት የማይሰጣቸው ወረቀቶች ናቸው። የኪራይ ውሉን ያውጡ፤ በባለቤትዎ ስም ብቻ ከሆነ፣ እርስዎ የተመዘገቡበትን የመብራት ወይም የኢንተርኔት ደረሰኝ በዚያው አድራሻ ይፈልጉ። በፓስፖርትዎ ላይ የተለጠፈውን የመኖሪያ ፈቃድ ይመልከቱ፤ በባለቤትዎ ሥር የተሰጠ ከሆነ የእሳቸው ስም እዚያው ላይ ታትሞ ሊገኝ ይችላል። የጤና መድኅን ካርዱን፣ ልጃችሁ የተወለደችበትን የሆስፒታል ወረቀት፣ የክትባት ደብተሯን፣ በሕፃናት ማቆያው ፎርም ላይ «በአደጋ ጊዜ የሚጠራ» በሚለው መስመር የተጻፈውን የሁለታችሁን ስልክ ቁጥር ያያይዙ። ፎቶግራፍ ይኑር፣ ግን ሃምሳ የሠርግ ፎቶ ከማስገባት ከየዓመቱ ሦስት ሦስት፣ ከኋላቸው ቀኑና ቦታው የተጻፈባቸው ይሻላሉ። ስለ ግንኙነታችሁ የሚጠይቀውን አይ ኤም ኤም 5532 የተባለውን ፎርም ሁለታችሁም በየራሳችሁ ካነበባችሁ በኋላ ቁጭ ብላችሁ ቀኖቹን አስተያዩ፤ አንዱ «በመጋቢት ተዋወቅን» ሌላው «በግንቦት» ካለ፣ ጉዳዩ የማስታወስ ችግር መሆኑን መርማሪው የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ጋብቻው ሲፈጸም ሁለታችሁም በአካል እዚያው ነበራችሁ ብዬ ገምቻለሁ። ይህን የማነሣው እ.ኤ.አ. ከሰኔ 11 ቀን 2015 ወዲህ በውክልና፣ በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተፈጸመ ጋብቻ ለዚህ ማመልከቻ ስለማያገለግል ነው። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ከዚህ በፊት ሌላ ጋብቻ ከነበራችሁ የፍቺው ውሳኔ ይያያዝ፤ እርስዎ እንደነበረዎት ጽፈዋል። የፍቺው ቀን ከአሁኑ ጋብቻ ቀን የሚቀድም መሆኑን በዓይንዎ ያረጋግጡ፣ ፍርድ ቤት የወሰነበት ቀንና ወረቀቱ የተሰጠበት ቀን የሚምታታበት ጊዜ አለና።

በጎብኚ ቪዛ ገብተው እዚያ ያመልክቱ የተባሉትን እኔ አልመክርዎትም። በእርግጥ ካናዳ ውስጥ አብረው ለሚኖሩ ጥንዶች የተዘጋጀ የማመልከቻ ዓይነት አለ፤ በመጀመሪያ ግን የጎብኚ ቪዛውን ማግኘት ይኖርብዎታል፣ ከዚያም ባለቤትዎ ሥራቸውን ጥለው እዚያው አብረውዎት መኖር ይኖርባቸዋል፣ እርስዎ በመካከል ከአገር ቢወጡና መመለስ ቢከለከሉ ማመልከቻው ራሱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ደግሞ ይግባኝ ነው። ከውጭ ሆነው በቤተሰብ ምድብ ያመለከቱት ጉዳይ ውድቅ ቢደረግ ባለቤትዎ በ30 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን ይግባኝ ክፍል አቤት ማለት ይችላሉ፤ በአገር ውስጥ ምድብ ያመለከተ ግን ይህ መብት የለውም። ዘመድ ለመጠየቅ በጎብኚ ቪዛ መሄድ ከፈለጉ ግን የስፖንሰር ማመልከቻ ስላስገቡ ብቻ አይከለከሉም፤ ሕጉ ቋሚ ነዋሪ ለመሆን ማሰብና ለጊዜው መጎብኘት አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ ይቀበላል። ቪዛ ሲጠይቁ ማመልከቻ እንዳለዎት አይደብቁ እንጂ።

ስለ ሴት ልጃችሁ ምንም አልጠየቁኝም፤ ምናልባት ከእርስዎ ጋር በአንድ ማመልከቻ እንደምትካተት አስበው ይሆናል። ባለቤትዎ ካናዳ የተወለዱ ከሆነ ወይም እሷ ከመወለዷ በፊት ዜግነት ያገኙ ከሆነ፣ ልጅቷ ውጭ አገር ብትወለድም ከልደቷ ጀምሮ የካናዳ ዜጋ ናት። ዜጋ ደግሞ ስፖንሰር አይደረግም። ለእሷ የሚያስፈልጋት የዜግነት የምስክር ወረቀት ሲሆን ማመልከቻው የተለየ ነው፤ ክፍያውም 75 የካናዳ ዶላር ነው። አሁኑኑ ያስጀምሩት፤ የእርስዎ ቪዛ ወጥቶ የልጅቷ ፓስፖርት ገና ሳይወጣ ቢቀር የጉዞ ቀናችሁን የምትወስነው የሦስት ዓመቷ ልጅ ትሆናለች።

ከወንጀል ነጻ መሆንን ከሚያሳየው ማስረጃ ጋር የሚያያዙት ነገሮች ጊዜ ከመውሰዳቸው በቀር አስቸጋሪ አይደሉም። ባለፉት 10 ዓመታት፣ 18 ዓመት ከሞላዎት በኋላ፣ በተከታታይ 6 ወርና ከዚያ በላይ ከኖሩበት ከእያንዳንዱ አገር የፖሊስ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ለእርስዎ ይህ ቢያንስ የትውልድ አገርዎንና አሁን ያሉበትን አገር ይመለከታል። አሁን ካሉበት አገር የሚያወጡት ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ባሉት 6 ወራት ውስጥ የተሰጠ መሆን አለበት፣ ስለዚህ በመጨረሻ ይውጣ። በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ ያልተጻፈ ሰነድ ሁሉ ይተርጎም፤ ባለቤትዎ እንግሊዝኛ ቢችሉም የቤተሰብ አባል የተረጎመው ተቀባይነት የለውም። ስምዎ በፓስፖርቱ ላይ በአንድ «ኤስ»፣ በጋብቻ ወረቀቱ ላይ በሁለት «ኤስ» ተጽፎ ከሆነ፣ ወይም በአንዱ ሰነድ የአባትዎ ስም በሌላው የአያትዎ ስም የቤተሰብ ስም ተብሎ ከገባ፣ ሁሉንም አጻጻፍ ፎርሙ «ሌሎች የሚታወቁባቸው ስሞች» በሚለው ቦታ ላይ ይዘርዝሯቸው። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 30 ቀን 2024 ጀምሮ በወጣው ተመን የስፖንሰርነቱ ክፍያ 85፣ የእርስዎ ማመልከቻ 545፣ የቋሚ ነዋሪነት መብት ክፍያ 575፣ የአሻራ 85 የካናዳ ዶላር ነበር። ተመኑ በየ2 ዓመቱ ስለሚስተካከል በምትከፍሉበት ቀን ያለውን ይመልከቱ። በገንዘብ ላማክራችሁ የሚል ሰው ከመጣ ደግሞ የካናዳ ጠበቃ ወይም በኢሚግሬሽንና ዜግነት አማካሪዎች ኮሌጅ የተመዘገበ መሆኑን በስሙ ፈልጋችሁ ሳታረጋግጡ አትክፈሉት፤ ያልተመዘገበ ሰው ተከፍሎት እናንተን መወከል በሕግ አይፈቀድለትም።

እንግዲህ ወደ ልጅዎ ልመለስ። «ስሙን አታንሺ» ያሉዎት ሰዎች ክፉ አስበው እንዳልሆነ አምናለሁ፤ የሰጡዎት ምክር ግን ልጁን ከእርስዎ እስከ መጨረሻው ሊለየው የሚችል ነው። የደንቡ አንቀጽ 117 እንዲህ ይላል፦ አንድ ሰው ቋሚ ነዋሪነት ሲጠይቅ ያላሳወቀው፣ ስለዚህም ያልተመረመረ የቤተሰብ አባል፣ በኋላ በዚያ ሰው በቤተሰብ ምድብ ስፖንሰር ሊደረግ አይችልም። «አብሮኝ አይሄድም» ማለት ለማሳወቅ ያለብዎትን ግዴታ አያስቀረውም፤ ፎርሙ ራሱ አብረው የሚሄዱና የማይሄዱ የቤተሰብ አባላትን ለይቶ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ከ22 ዓመት በታች የሆነና ያላገባ ልጅ ሁሉ፣ ከማን ጋር ቢኖር፣ ማን ቢያሳድገው፣ መጻፍ አለበት፤ አብሮ ባይሄድም የሕክምና ምርመራ ማድረግ አለበት። ከዚህ በላይ ደግሞ ልጅ እንዳለዎት እያወቁ መደበቅ ሐሰተኛ መግለጫ መስጠት ተደርጎ ሊቆጠር፣ ለ5 ዓመትም ካናዳ እንዳይገቡ ሊያስከለክልዎት ይችላል። ጉዳዩ በመጓተት የሚጠፋው ጊዜ ከዚህ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ልጅ መኖሩ ፋይሉን ያጓትታል የሚለውም ቢሆን፣ ጉዳዩ የሚጓተተው ስሙ ተጽፎ ምርመራው ሳይደረግለት ሲቀር ነው።

ከመወሰንዎ በፊት አንድ ነገር ያስቡ፤ ልጅዎ «የማይሄድ» ብቻ ነው ወይስ አባቱ ከፈቀዱ አብሮዎት ሊሄድ ይችላል? ደብዳቤዎ አባትየው ተጠይቀው እምቢ እንዳሉ አይናገርም። ከፈቀዱ በእርስዎው ማመልከቻ ውስጥ አብሮዎት እንደሚሄድ ልጅ ይገባል፤ ክፍያው እ.ኤ.አ. በ2024ቱ ተመን 175 የካናዳ ዶላር ነበር፤ 14 ዓመት ስለሞላው አሻራም ይሰጣል፣ ባለቤትዎም ለእሱ ከእርስዎ የሚረዝም ግዴታ ይፈርማሉ፤ ይኸውም 10 ዓመት ወይም ልጁ 25 ዓመት እስኪሞላው፣ ከሁለቱ ቀድሞ እስከሚደርሰው ድረስ ነው። አባትየው የሚፈርሙት አይ ኤም ኤም 5604 የተባለ የስምምነት መግለጫ አለ፤ የአሳዳጊነት ውሳኔ ካለም አብሮ ይያያዛል። ልጁ ከአባቱ ጋር መቆየቱን ከመረጠም ያው ይጻፍ፣ ይመርመር፤ እርስዎ ካናዳ ገብተው ቋሚ ነዋሪ ሆነው እዚያው እየኖሩ ሳለ፣ 22 ዓመት ሳይሞላውና ሳያገባ ስፖንሰር ሊያደርጉት መንገዱ ክፍት ይሆናል።

የሚከብደው አባትየው ለምርመራው እንኳ አልፈቅድም ቢሉ ነው። ያኔ ዝም ብለው አይቀመጡ፤ ጥያቄውን በጽሑፍ ያቅርቡላቸው፣ መልሱን ያስቀምጡ፣ መልስ ካልሰጡም ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ የጠየቁበትን ቀን ይመዝግቡ፣ ሁሉንም በአንድ ደብዳቤ አጠቃለው ለመርማሪው ውሳኔ ከመሰጠቱ በፊት ያሳውቁ። የተጻፈ ግን ያልተመረመረ ልጅም በኋላ በሩ ሊዘጋበት ስለሚችል፣ በዚህ ደረጃ ላይ ከደረሳችሁ ለጠበቃ የሚከፈል ገንዘብ የሚያስቆጭ አይሆንም። አባትየው የሚስማሙ ከሆነ ግን ምርመራው የሚደረገው በልጁ አገር መሥሪያ ቤቱ በፈቀደለት ሐኪም ዘንድ ነው፤ ልጁን ወስዶ የሚያስመረምረው፣ ፓስፖርቱን የሚያሳድሰው፣ ለአሻራ የሚያደርሰው እርስዎ ሳይሆኑ አባቱ ናቸው። ስለዚህ ማመልከቻው የሚሞላበትን ገጽ ገና ሳይከፍቱ በዚህ ሳምንት ይደውሉላቸው፤ በመጀመሪያ የሚጠይቋቸውም የልጁ ፓስፖርት መቼ እንደሚያበቃ ይሁን።